ይኄይስ የባልንጀራውን ልጅነት እንደ ሰረቀ

ሰው ከእናቱ ማኅፀን ዕራቁቱን እንደ ወጣ፥ ዕራቁቱንም ወደ መቃብር እንደሚመለስ ቅዱስ መጽሐፍ ይነግረናል፤ ይህም እውነት ነው፤ ነገር ግን፥ አስተዋይና ምሁር የሆንህ አንባቢ ሆይ፥ በነዚህ በሁለቱ ዕራቁትነቶች መካከል አንድ ጊዜ፥ ይኸውም ከሕፃንነት ወራት ወደ ጕልምስና በሚሻገርበት ሰዓት፥ ሰው ሁሉ፥ ባላባትም ቢሆን ድኻ፥ ሊቅም ቢሆን ያልተማረ ጨዋ፥ ሙሉ ስንቅ ተሸክሞ እንደሚሄድ ልብ በል። ያም ስንቅ እናቱ ያንጎራጎረችው ዜማ፥ አባቱ የጸለየው ጸሎት፥ በሕፃንነቱ የፈራውና የወደደው ነገር ሁሉ ነው፤ እግዚአብሔርም ለወደደው ሰው ቃሉን ሊልክለት በሻ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ስንቅ ቈርሶ ይሰጠዋል። የአንዳንዱ ሰው መከራ ግን የራሱን ስንቅ በመንገድ ጥሎ የባልንጀራውን አቁማዳ ሲመኝ መኖሩ ነው። ዛሬ የምተርክልህም የእንዲህ ያለውን ሰው ነገር ነው፤ ስታነበውም በእርሱ ላይ ለመፍረድ አትቸኵል፤ ቅንዓት ደጁን ያልረገጠበት ሰው እኔ እስካሁን አልገጠመኝምና።

በጎጃም ምድር፥ የባለታሪኮቹ ዘመዶች ዛሬም በዚያ ስላሉ ስሙን መጥራት በማልፈልገው በአንድ ደብር፥ በቀድሞዎቹ ነገሥታት ዘመን፥ የኔታ አምኃ ሥላሴ የሚባሉ፥ በዕድሜ የሸመገሉ፥ በዕውቀት የበለጸጉ የቅኔ መምህር ነበሩ። በዙሪያቸው ጎጆ ቀልሰው ከሚኖሩት ከመቶ የሚበልጡ ተማሪዎች መካከል አለቃ ሆኖ የተሾመው ይኄይስ ነበር፤ እርሱም ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚያ ጉባዔ ያልተለየ፥ ግሡን እንደ ውሃ የጠጣ፥ ቅኔው ሕግ የማያፈርስ፥ ቤት የማይሰብር፥ ምሥጢሩ ከብሉይና ከሐዲስ የተለቀመ ሊቅ ነበር። ሆኖም በተቀኘ ጊዜ ጉባዔው «ይበል! ይበል!» የሚለው፥ የጠገበ እንግዳን «ብላ እንጂ» እንደሚሉት ያህል፥ ለወጉ ብቻ ነበር። ይህን ከማንም በፊት ያወቀው ራሱ ይኄይስ ነው። ለሁሉም የጎንደር የታላቅ አለቃ ልጅ ነኝ ይል ነበር እንጂ፥ እውነቱን ለአንተ ለአንባቢው ብነግርህ፥ አባቱ ፈንታ የሚባል፥ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚለምን ዕውር ነበር፤ ይኄይስም እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ድረስ በትሩን ይዞ መርቶታል፤ አባቱ ከሞተ በኋላ ግን ያንን ሁሉ ከአፈሩ ጋር ቀበረው፤ ሰው ሲጠይቀውም ሐሰቱን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ያደርሰው ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ላእከ ማርያም የሚባል፥ ዕድሜው ከሠላሳ የማያልፍ፥ ሣቁ የቀረበ ሰው ወደዚያ ጉባዔ ገባ። የማን ልጅ ነህ ቢሉት፥ ሳይሳቀቅና ሳያፍር «እናቴ ወለቴ ሸክላ ሠሪ ናት» አለ፤ ተማሪዎቹም እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ በዚያ አገር ሸክላ ሠሪን እንጠቀምባታለን እንጂ ከማዕዳችን አናቀርባትምና። ነገር ግን ይህ ሰው በተቀኘ ጊዜ፥ ሰዋስዉ እዚህም እዚያም ሲደናቀፍ እንኳ፥ የኔታ መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር፤ የእናቱ ጭቃ፥ ሸክላ የምትተኵስበት እሳት፥ ስትሠራ የምታንጎራጕረው ዝማሬ በግእዙ ውስጥ ሲገባ፥ ሰሚው ሁሉ የራሱን እናት ያስባልና፥ ከዚያም ሳያስበው አማትቦ ያለቅሳልና። ይኄይስም ቀና። እንዴት ያለ ቅንዓት ብትለኝ፥ እህል ከጕሮሮው እስከማይወርድ ድረስ ቀና። የኔታ ለላእከ ማርያም ስንት ጊዜ ራሳቸውን እንደ ነቀነቁ ይቈጥር ጀመር፤ የሰውዬው አሣሣቅ፥ አረማመዱ፥ ነጠላ አጣጣሉ ሳይቀር አንገበገበው፤ ዳዊቱን ሲደግም እንኳ «የኃጢአተኛንና የክፉን ክንድ ስበር» ከሚለው ሲደርስ ድምፁ ሳይታወቀው ከፍ ይል ነበር። ከሁሉ ይልቅ ያቃጠለው ግን ይህ ነው፤ እርሱ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያፈረበትን ነገር ያ ሰው በዐደባባይ ለብሶት፥ እንደ ካባ አምሮበት መታየቱ።

በዚህ መካከል የኔታ አምኃ ሥላሴ ዓይናቸው ደከመ፤ በሐምሌ መጨረሻም ጉባዔውን ሰብስበው፥ በደብረ ታቦር በዓል፥ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ላይ፥ ይኄይስና ላእከ ማርያም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መወድስ እንዲቀኙ፥ ቅኔው ለበለጠውም ወንበራቸውን እንደሚያወርሱት አስታወቁ። የይኄይስ ሕይወት በሙሉ ወደዚህ ወንበር የሚሄድ መንገድ ነበርና፥ ወሬውን የሰማው እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ተከሳሽ ነው። ሌሎች ተማሪዎች እንደሚያደርጉት ቅኔ ሊቈጥር፥ ይኸውም በልቡ ሊያዘጋጅ፥ በማለዳ ወደ ዱር ወረደ፤ ሰባት ቀን ተመላለሰ፤ ሰባቱንም ቀን የሚመጣለት ቃል ሁሉ የተማረው፥ የሰማው፥ የሞተ ነበር። በስምንተኛው ቀን ከአንድ ትልቅ ወይራ ማዶ ድምፅ ሰማ፤ ላእከ ማርያም ጀርባውን ሰጥቶ፥ ዓይኑን ጨፍኖ፥ የቈጠረውን መወድስ ቃል በቃል ያደርስ ነበር። ምሥጢሩም በአማርኛ ቢፈታ እንዲህ ያለ ነው፦ እናቴ ከእሳት የወጣውን እንስራ በጣቷ ታንኳኳለች፥ ጆሮዋንም ታቀርባለች፤ የተሰነጠቀው ድምፅ የለውም፤ እርሷ ግን አትጥለውም፥ ገሉን ፈጭታ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ትለውሰዋለች፤ አቤቱ፥ አንተም አንኳኳኝ፥ ባልጮኽም አትጣለኝ፥ ፈጭተህ ከአዲሱ ጭቃህ ለውሰኝ። ይኄይስ አንድ ጊዜ የሰማውን የማይረሳ ሰው ነበር። ከዛፉ ማዶ ቆሞ አለቀሰ፤ ዕንባው ሳይደርቅም ሊሰርቀው ቈረጠ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ሊቅ እንዴት ያለ ሞኝነት ሠራ ትለኝ ይሆናል። ነገር ግን ልማድን ተመልከት፤ በይኄይስ ትምህርት ውስጥ «እናት» የተባለች ሁሉ ወይ እመቤታችን ናት፥ ወይ ጽዮን ናት፥ ወይ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በእጇ ላይ ጭቃ ያለባት፥ በእግሯ ሄዳ ለበዓል የምትመጣ እናት በቅኔ ውስጥ ትኖራለች ብሎ አላሰበም። አንድ ጊዜ የተሰማ ቅኔ ዳግመኛ አይባልም፤ አለቃ ስለሆነም ቀዳሚው ተቀኚ እርሱ ነው፤ ስለዚህ ላእከ ማርያም በሰው ፊት ባዶ እጁን እንደሚቆም ብቻ አሰበ፤ ይህንንም ሲያስብ፥ እግዚአብሔር ይቅር ይበለው፥ ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ጣፈጠው።

በዓሉ ደረሰ፤ ሕዝቡም ዐውደ ምሕረቱን ሞላ። ይኄይስ በረዥም ዜማ መወድሱን አወረደ፤ ሲጨርስም ጉባዔው «ይበል! ይበል!» ሲል እንዲያ ያለ ጩኸት በዚያ ደብር ተሰምቶ አያውቅም። ላእከ ማርያም ፊቱ ዐመድ መሰለ። የኔታም ዝምታ እስኪሆን ቆይተው፥ እንደ ወጉ፥ ሕዝቡ እንዲሰማው ምሥጢሩን በአማርኛ እንዲፈታው አዘዙት፤ እርሱም «እናት የተባለች ጽዮን ናት» ብሎ ጀመረ።

«ልጄ፥» አሉት የኔታ፥ «ጽዮን ገል ስትፈጭ አላየሁም። ይህን የምትሠራ እናት ያየ ሰው ነው የተቀኘው። እስቲ ንገረኝ፤ ገሉ ከአዲሱ ጭቃ ጋር የሚለወሰው ስለምን ነው?»

ይኄይስ አፉን ከፈተ፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን ሁሉ በልቡ ገለባበጠ፤ ያንን ግን አላገኘም። ከሴቶቹም ወገን አንዲት ደበሎ የደረበች አሮጊት፥ ለቆመው ሰው አዝና፥ «በእሳት ጊዜ እንዳይሰነጠቅ ነዋ፥ የኔታ! ይህን ማን ያጣዋል?» ብላ ጮኸች። ሕዝቡም ዞር ብሎ ቢያይ መልኳ ቍርጥ ላእከ ማርያምን የምትመስል ወለቴ ናት፤ እናቱ ልጇን ለማየት የሦስት ቀን መንገድ ሄዳ መጥታለች። ያን ጊዜ ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ሆነ፤ ከዚያ ጉባዔ ቀና ብሎ ይኄይስን ያየ የለም፤ ሁሉም አቀረቀረ።

ላእከ ማርያም ወደ ፊት ወጣና ተንበረከከ። «የኔታ፥» አለ፥ «ቅኔውን አብረን ነው የቈጠርነው። በዱር ተገናኝተን ነበር። እናቴም ለእርሱ እናቱ ናት።»

ይኄይስን የገደለው ይህ ነው። ቢከሰው ይችለው ነበር፤ ቢራገመውም ይመልስለት ነበር፤ ይህ ሰው ግን እናቱን እንኳ ሲያካፍለው የማይጐድልበት ሆኖ ቢያየው፥ በምሕረቱም ቀናበት። ከዚያ በኋላ የተናገረውን የተናገረው ለንስሐ እንዳይመስልህ፤ የላእከ ማርያም ባለዕዳ ሆኖ ከመኖር መዋረድ ስለ ተሻለው ነው። «ሐሰት ነው!» አለ በታላቅ ድምፅ። «ሰርቄዋለሁ። ወለቴ እናቴ አይደለችም። የጎንደር አለቃም ልጅ አይደለሁም። አባቴ ዕውር ነበረ፤ ለማኝ ነበረ፤ በትሩን የመራሁት እኔ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን በደረስን ቍጥር 'ልጄ፥ በግድግዳው ላይ ጌታ ዛሬ ምን ይመስላል?' ይለኝ ነበረ፤ እኔም ሥዕሉን አይቼ እነግረዋለሁ። አንድ ቀን ደጁ ተዘግቶ አገኘነው፤ እንዳያዝን ብዬ የሌለ ሥዕል ነገርሁት፤ ጌታ ጕልበቱን አጥፎ፥ ጭቃ በምራቁ ለውሶ፥ የአንድ ለማኝ ዓይን ሲቀባ፤ ለማኙም አንተን ይመስላል አልሁት። አባቴ ግድግዳውን ተሳልሞ አለቀሰ። እስኪሞት ድረስ ያንን ሥዕል ነበር የሚጸልይበት።»

የኔታ አምኃ ሥላሴ በመቋሚያቸው ተደግፈው ወደ እርሱ ቀረቡ። ከዚያም ቍጣ በሌለበት፥ ሐዘን በሞላበት ድምፅ፥ «ልጄ ይኄይስ፥» አሉት፥ «ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ይዘህ ነው ከመጻሕፍት ደጅ ስትለምን የኖርኸው?» ወንበሩንም በዚያው ሰዓት ለላእከ ማርያም ሰጡት፤ ቅኔው በሌላ ሰው አፍ ስለ ተሰማ ያለ ቅኔ የወረሰ የመጀመሪያው መምህር እርሱ ነው ይባላል።

ይኄይስ በማግስቱ አቁማዳውን ቋጥሮ ሊሄድ ሲነሣ አዲሱ መምህር አላሰናበተውም፤ «ስለ መድኃኔ ዓለም ብለህ ተቀመጥ፤ አባትህን ሳታስተዋውቀን አትሄድም» አለው። ስለዚህ ያ ሊቅ፥ አለቃ የነበረው፥ ከጀማሪዎቹ ጋር በመሬት ተቀመጠ፤ በዕድሜ የሚያንሰውንም ሰው «የኔታ» ብሎ ጠራ፤ ቃሉ በወጣ ቍጥር ጥርሱን እንደ ነከሰ ነበር፤ ቅንዓቱ አልሞተም፤ እኔም ሞተ ብዬ አልዋሽህም። ቀን ቀን ወደ ዱር ይወርዳል፤ ባዶውን ይመለሳል፤ ስለ አባቱ ሊያስብ ሲጀምር ኀፍረቱ ይቀድመዋል። በመስከረም አጋማሽ ግን አንድ ማለዳ ሣር ላይ ተቀምጦ ሳለ፥ የአባቱ እጅ በትከሻው ላይ ያረፈ መሰለው፤ «ዛሬ ጌታ ምን ይመስላል?» የሚለውም ጥያቄ ከብዙ ዘመን በኋላ ተሰማው፤ መልስ መስጠት ቢያቅተው ጮኾ አለቀሰ፤ ካለቀሰም በኋላ ከዐሥራ ስምንት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ መጽሐፍ ጸለየ።

በሠርክ፥ ተማሪዎች የቈጠሩትን ለመምህር በሚነግሩበት ሰዓት፥ ተራው ሲደርስ ተነሥቶ ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባዔ ቃና ተቀኘ፤ ምሥጢሯም ይህ ነው፦ ክርስቶስ ሆይ፥ ሐሰተኛ አፍ የሣለልህን መልክ አምኖ ዕውሩ አባቴ ወዳንተ ደረሰ፤ ሁለት ዓይን ይዤ የሣልሁህ እኔ ግን በቀትር መንገዱ ጠፋኝ። ማንም «ይበል» አላለም። ይኄይስም ቅኔዬ ወደቀብኝ ብሎ አንገቱን ደፋ። ላእከ ማርያም ከወንበሩ ወርዶ በፊቱ በመሬት ተቀመጠ፤ ፊቱም የቀላ ነበር፤ ይኄይስ ያንን መልክ ከራሱ ላይ ያውቀዋልና ደነገጠ።

«ወንድሜ፥» አለው ላእከ ማርያም፥ «እኔም ዕውር አባት በኖረኝ ብዬ ቀናሁብህ።»

እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ ሌባ የማይደርስበት አንድ ሀብት ሰጥቶታል፤ ሰውም እርሱን የሚያጣው በገዛ ሀብቱ ባፈረበት ቀን ብቻ ነው።