በዚያችው እጅ

ጎህ ሲቀድ ሰርካለም ነቃች። ነጠላዋን አጣፍታ ውሃ ልትጥድ ወደ ጓዳ አመራች። የባሏ እኅት ባንችይርጋ ጓዳው በር ላይ ትከሻዋን ይዛ መለሰቻትና ፍራሹ ላይ አስቀመጠቻት።

«አንቺ ተቀመጪ። እኛ አለን።»

ለካ ለቅሶ ቤት ነው። ትናንት ባሏን ኢያቄምን ቀብረዋል። ሰርካለም ሳታስበው ጆሮዋን ወደ ደጅ ጥላ ነበር። ባሏ በዚህ ሰዓት ጫማውን ከደጃፉ ድንጋይ ጋር አጋጭቶ አቧራውን ያራግፍና ከላሊበላ ወጣ ብሎ በብልባላ መንገድ ዳገቱን ይያያዘዋል።

ረፋዱ ላይ ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። ኢያቄምን ያሳደጉት አክስቱ እማማ ወለተ ሐናም መጡ። ወደ ፍራሹ ግን አልቀረቡም። በሩ ሥር ኩርምት ብለው ተቀመጡ፤ የቀረበላቸውን ንፍሮ እንኳ አልነኩም።

ከሰርካለም ጀርባ ሹክሹክታ ተነሣ።

«ስኳር እያለበት ማር የነካ ድፎ አጉርሰውት ነው አሉ፣ በልጅ ልጃቸው ሰርግ» አለች ጎረቤቷ አመተ ማርያም።

«በሞቴ ብለው?» አለች ሌላዋ።

«በሞቴ ብለው። በሳምንቱ ይኸው።»

«ያን ሁሉ ዳገት በየጠዋቱ ወጥቶ!» አሉ አቶ አረጋ። «እኔ እንኳ ከዚህች በርጩማ ሳልነሣ ሰባን አለፍኩ።»

ሰርካለም ሰማች። እማማ ወለተ ሐናም መስማታቸውን አንገታቸውን ሲደፉ አወቀች።

ኢያቄም ስኳር እንዳለበት የታወቀ ሰሞን የቤቱን አመጋገብ ያጠበቀችው ሰርካለም ነበረች። የሥነ ሕይወት መምህርት ናት፤ ማሩን ከቤት አስወጣች፣ እንጀራውን ለካች። ኢያቄም ሁሉንም እሺ አለ። ዝክር ሲጠራ ግን ጋቢውን ደረበ።

«ልትሄድ ነው እንዴ?»

«ስኳር የያዘው እኔን ነው፤ ጎረቤቶቼ ምን አጠፉ?»

ሄደ። አንድ ጉርሻ ተቀበለ፤ «ጣፍጦኛል፤ ይበቃኛል» አለ፤ ባጃጁን ትቶ በእግሩ ተመለሰ። የግብርና ባለሙያ ስለ ነበር ወደ ሙጃ ገጠር ለሥራ ሲሄድ ገበሬዎቹ ጠላ ሳያቀርቡለት አይቀሩም። ከንፈሩን አስነክቶ ጣሳውን አጠገቡ ያቆየዋል፤ ጨዋታው እስኪያልቅ የሚታዘበው የለም።

መድኃኒቱን አንድ ቀን አያስተጓጉልም። በሌላው ግን ራሱን አያስጨንቅም። ክረምት ላይ ጭቃው ሲብስ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፣ «ዛሬ እግሬ ፈቃድ ጠይቋል» ይላታል። ሳቋ ይመጣል። ዝናቡ ባባራ ማግሥት ጫማው ከድንጋዩ ላይ ይሰማል። አንዴ ስለ ቀረ ሲብሰለሰል፣ ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው ብሎ ሲተወውም አላየችውም። ከመጻሕፍቷ ያላገኘችውን ልክ ከእሱ አየች።

ከሰርጉ ማግሥትም ስኳሩን ተለክቶ ደህና ነበር፤ ዳገቱንም ወጥቷል። የገደለው የቆየ የልብ ሕመም እንጂ ጉርሻ እንዳልሆነ ሐኪሙ ነግሯታል። ይህን ተነሥታ ለቤቱ ሁሉ መናገር ትችላለች። ሰዉ ሰምቶ ቢያምን እንኳ፣ አሮጊቷ ያቺን ያጎረሰች እጃቸውን እየወቀሱ ወደ ቤታቸው ይገባሉ።

ባንችይርጋ ትሪ አቀረበችላት። «ትንሽ ቅመሽ እንጂ፣ እኅቴ።»

ከቀብሩ ወዲህ ሁሉም ብዪ ብሎ ለምኗታል። በሞቴ ያላት ግን አልነበረም፤ ቃሉ ተፈርቷል።

ሰርካለም ትሪውን ወደ በሩ አዞረችው።

«እማማ፣ ይምጡ ያጉርሱኝ።»

«በምን እጄ፣ ልጄ?»

«በዚያችው እጅዎ።»

«ተይኝ። ይቺ እጅ እንኳ...»

«በሞቴ።»

የአቶ አረጋ በርጩማ ሲጥ አለች።

እማማ ወለተ ሐና ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። ፍራሹ ጫፍ ላይ ተንበርክከው እንጀራውን ቆረሱ፤ ጠቀለሉ። ሰርካለም አፏን ከፍታ ጠበቀች።

አላምጣ ዋጠች።

«ጣፍጦኛል» አለች። «ይበቃኛል።»

አሮጊቷ እጃቸውን ሊሰበስቡ ሲሉ ሰርካለም ያዘቻት፤ ወጥ እንደ ነካት ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻት፤ አልለቀቀቻትም።

ደጃፉ ላይ ድንጋዩ አለ። ጫማውም አለ። ኢያቄም የለም።