ከስድስተኛው ዘፈን በኋላ

"መልሰው" አለ ዘፋኙ።

የድምፅ ባለሙያው ጣቱን ከቁልፉ ሳያነሣ ዞሮ አየው። "ምኑን? ዘፈኑን?"

"ዘፈኑን አይደለም። ከዘፈኑ በኋላ ያለውን፣ ጊታሩ ሲቃኝ።"

ዘፋኙ፣ ድራመሩና ባለሙያው ከጠዋት ጀምሮ ጠባቧ ስቱዲዮ ውስጥ ተፋፍገዋል። ከአንድ ወር በፊት ያቀረቡትን የሄቪ ሜታል ኮንሰርት አልበም እያደረጉት ነው። ዘፋኙን ጓደኞቹ ነጎድጓድ ይሉታል፤ ከመድረክ ሲወርድ ግን ሻይ ለማዘዝ እንኳ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ለዚህ አልበም ሁሉንም ቃል አስገብቷቸዋል፦ የተሳተውም ይሳት፣ የተሰነጠቀውም ይሰንጠቅ፣ በኋላ ስቱዲዮ ተገብቶ የሚነካካ ነገር አይኖርም።

ኮንሰርቱ በቀረበበት ቀን አባቱ ሞተዋል። ስልኩ የተደወለው ኮንሰርቱን ልታይ ለመጣችው ታላቅ እህቱ ነበር፤ እሷም ኮንሰርቱ እስኪያልቅ ዝም አለችው። "አባቴ ሞቶ አስጨፈርሽኝ" ያላት ዕለት የመጨረሻቸው ሆነ፤ ከቀብሩ ወዲህ አላናገራትም። አላለቀሰምም። ይበላል፣ ይተኛል፣ ስቱዲዮ ይመጣል። ውስጡ ግን ጥርስ ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ ደንዝዟል፤ ቢነክሱትም የሚያመው አይመስለውም።

ባለሙያው መለሰው። ጩኸት፣ ፉጨት፣ የጊታር ክር ሲጠብቅ። ለታዳሚው ድምፅ ተብሎ ከመድረኩ በስተግራ ከቆመው ማይክ ደግሞ፣ ቅርብ ሆኖ፣ የሴት ድምፅ መጣ።

"መቼ?... ሐኪሙስ ምን አለ?... አይ እማዬ፣ አሁን አልነግረውም። አራት ዘፈን ቀርቶታል... እሱን ለእኔ ተዪው። ቢጠላኝም ይጥላኝ።"

በቅጂው ላይ ድራመሩ በዱላው አራት ቆጠረ፤ ሰባተኛው ዘፈን ፈነዳ። ከዚያው ማይክ ያቺው ሴት ጮኸች፦ "ጎሽ! ጎሽ የኔ ወንድም!"

ድራመሩ ጭንቅላቱን ያዘ። ያን ቀን፣ ምንም ሳያውቅ፣ "እህትህ እኮ ከአንተ በላይ ጮኸች" ብሎ የሳቀው እሱ ነበር።

"እስከ መጨረሻው አጫውተው" አለ ዘፋኙ።

አራቱንም ሰሙ። ስምንተኛው ላይ ድምፅዋ ሻከረ። ዘጠነኛው ላይ ግጥሙ ጠፋባት፣ እሷ ግን አላቆመችም። ዘፋኙ እንባ ጠበቀ፤ አልመጣለትም።

"ቀላል ነው" አለ ባለሙያው። "የግራውን ማይክ እዘጋዋለሁ። ከሦስተኛው ዘፈን ጭብጨባ ቆርጬ እዚህ እለጥፋለሁ። ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ ማንም አይነቃብንም።"

"ቃላችንስ?" አለ ድራመሩ።

"የሰው የቤት ጉዳይ አደባባይ ይውጣ ነው የምትለው?"

"እኔ ምን አልኩ? የሚያውቀው እሱ ነው።"

ሁለቱም ወደ ዘፋኙ ዞሩ። ቢያስቆርጠው፣ አራት ዘፈን ሙሉ መርዶውን ብቻዋን በሆዷ ይዛ የቆመችበት ላይ የሌላ ሰው ጭብጨባ ይለጠፍበታል። ቢተወው ደግሞ ሐዘኗን ሳያስፈቅዳት ለገበያ ማውጣቱ ነው። ወሩን ሙሉ አባቱን ሲያስብ፣ የሞቱት የእሷም አባት መሆናቸው አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎት አያውቅም። አፈረ። ምንም ነገር ከተሰማው ወር አልፎት ነበር፤ መጀመሪያ የመጣው ሐፍረት ሆነ።

ስልኩን አውጥቶ ለእህቱ ደወለ። አንዴ እንደጠራ ተነሣ።

"ሃሎ?" አለች፤ ፈርታለች።

"እታለም፣ ምሳ በላሽ?"

"አልበላሁም። ምን ሆንክ?"

"ምንም አልሆንኩ። ስቱዲዮ ነኝ። ያን ቀን ከእማዬ ጋር ያወራሽው ተቀድቷል። ከዚያ በኋላ የጮኽሽውም።"



"ሰማኸው?"

"ሰማሁት።"

"ድምፄ ያስጠላል?"

"ያስጠላል" አላት። "ነይና አብረን እንስማው። ይቅር ካልሽ ይቀራል፣ ይውጣ ካልሽ ይወጣል።"

"መጣሁ" አለች።

ዘፋኙ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ባለሙያውን "እሷ ሳትመጣ እንዳትነካው" አለውና ከጥግ አንድ ወንበር አምጥቶ ከራሱ ወንበር ጎን አስቀመጠ።