ከደረጃው ግርጌ የቀሩት ለቀስተኞች

«ታች ሰው አለ» አለችው አክስቱ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ። «ብዙ ሰው ነው። አይወጡም፤ ዝም ብለው ቆመዋል።»

እህቱን ቀብሮ ከተመለሰ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላውም። የሰው ንግግር ሁሉ ከግድግዳ ወዲያ እንደሚመጣ ድምፅ ነበር የሚሰማው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ባለ ሦስት ክፍል ቤቱ ጢም ብላ ሞልታለች። ወንበር ያጣው አልጋ ላይ፣ አልጋ ላይ ቦታ ያጣው መስኮት ደፍ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል። የገባው ሁሉ «ያጥናህ» ይለዋል፤ እሱም አንገቱን ይነቀንቃል።

«ለምን አይወጡም?» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፤ ውረድና እያቸው።»

ወረደ። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርስ እግሩ እዚያው ተተከለ። ከደረጃው ግርጌ ጀምሮ እስከ ግቢው በር ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ቆመዋል። «ቆመዋል» ማለት እንኳ አይቻልም፤ አምስቱ ዊልቸር ላይ ናቸው። ሌሎቹ ክራንች ተደግፈዋል፤ ነጭ በትራቸውን ደረታቸው ላይ ያስጠጉ አሉ፤ ሁለት ሴቶች ደግሞ ድምፅ ሳያወጡ በእጅ ምልክት ይነጋገራሉ። ሁሉም ክት ልብሳቸውን ለብሰዋል። አንዳቸውንም አያውቃቸውም።

በክራንች የሚሄድ፣ ጣቶቹ በጫማ ቀለም የጠቆሩ ጎልማሳ ወደ ፊት ቀረበ። ኋላ እንደሰማው ጫማ ሰፊ ነው። «አንተ ሙጫ ነህ አይደል?» አለው።

በዚህ ስም የምትጠራው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷን ደግሞ ዛሬ አፈር አልብሷታል። አራት ዓመት ሲሆነው ቀሚሷን ይዞ አልለቅ ስላለ ያወጣችለት ስም ነው።

«ነኝ» አለ።

«ያጥናህ ወንድሜ። መውጣት አቃተን እንጂ ከሁሉ ቀድመን ነበር የደረስነው።»

ሰውየው ይህን ሲል ወቀሳ አልነበረበትም፤ ዝናብ ዘነበ እንደሚል ሰው ነበር። ሙጫ ግን ክው ብሎ ቀረ። በማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አሥራ ሰባት ዓመት ስለ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲጽፍ ኖሯል። ይኸው ለቅሶ ሊደርሱት መጥተው ደጁ ላይ ቀሩ። እፍረት እንኳ ቶሎ አልመጣለትም፤ ድንጋጤው ቦታ አልለቀቀለትም።

«ነገ እሷ ቤት እንቀመጣለን» አለ። «የእሷ ቤት ደረጃ የለውም።»

አክስቱ ይህን ስትሰማ ሰው በወደቀበት ክፍል ምን ሊባል ይቀመጣል ብላ አጉረመረመች። እሱ ግን አንዴ ከአፉ ወጥቷል።

በማግሥቱ እህቱ ትሠራበት ከነበረው ሆስፒታል ጀርባ ወዳለው ቤቷ ወንበር ተጓጓዘ። አንድ ክፍልና አንዲት ማድ ቤት፣ በሩ በቀጥታ መንገድ ላይ የሚከፈት ቤት ነው። ከሁለት ቀን በፊት ይህንኑ በር በትርፍ ቁልፍ የከፈተው እሱ ራሱ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆና ከሠራችበት ሆስፒታል ደውለው፣ እትዬ ሃሎ እስካሁን አልገባችም፣ አርፍዳ አታውቅም ነበር ያሉት። እትዬ ሃሎ እያሉ ነው የሚጠሯት። አልጋውና ጠረጴዛው መካከል ወድቃ አገኛት። ለሥራ ለባብሳለች። አንድ እግሯ ጫማ አድርጓል፤ ሌላው ጫማ በእጇ ነው። አልጮኸም። ጫማውን ከእጇ ወስዶ አጠለቀላት፤ ሥራ እንዳይረፍድባት የቸኮለ ይመስል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንዲት እንባ አልወጣችውም።

አሁን አክስቱ ማድ ቤት ውስጥ ለሚስቱ ስታንሾካሹክ ይሰማታል። «ብቻዋን ባትኖር ኖሮ ይደረስላት ነበር። ዓይን የሌላት ሴት፣ ብቻዋን! ስንቴ ተናገርኩ።»

እውነቷን ነው አለ በልቡ። እሱስ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህንኑ አይደል ሲል የኖረው?

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በሕመም ዓይኗን ያጣች እህቱ እናታቸው ከሞቱ በኋላ አምስት ዓመት እሱ ዘንድ ኖራለች። ያጎደሉባት ነገር አልነበረም። ውሃ ትቀዳላታለች ሚስቱ፤ ልብሷን ታጥብላታለች፤ መንገድ ስትወጣ አንድ ሰው ይከተላታል። ከዕለታት አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ቤት ተከራይቻለሁ አለች።

«ምን አጠፋን?» አላት።

«ምንም። ቤትህ ይሞቃል፣ ሙጫዬ። ግን አምስት ዓመት ኖሬበት ጨው የት እንደሚቀመጥ አላውቅም።»

«ጨው ለመፈለግ ብለሽ ነው የምትወጪው?»

«አዎ» አለች፤ «ለእሱ ነው።»

ወጣች። በወሩ እሱ ሥራ ላይ መሆኗን ጠብቆ በትርፉ ቁልፍ ገባና ለደህንነቷ ብሎ ቤቱን አስተካከለላት። ምድጃውን ወደ ጥግ አራቀ፤ ጠረጴዛውን አዞረ፤ ማንቆርቆሪያውን ከፍ ያለ ቦታ ሰቀለ። ማታ ስትመጣ ጠረጴዛው ቅልጥሟን ተረተራት። ተደውሎለት እየሮጠ ደረሰ። እህቱ እግሯን በፎጣ አስራ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ዓይኔ ከጠፋ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነኝ» አለችው። «ቤቴ ውስጥ የታወርኩት ግን ዛሬ ነው። አንተ ነህ ያሳወርከኝ።»

ከዚያ እዚያው እንደተቀመጠች፣ ይኼን ወደ ግራ፣ ያንን አንድ ስንዝር ወደ አንተ፣ እያለች ሁሉንም አስመለሰችው። ሲጨርስ ሳቀች። እሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በዓይነ ልቦናው የሚመጣበት ያ ደም ያለበት ፎጣ ነው።

ከቀትር በኋላ ትናንት ከደረጃው ግርጌ የቀሩት ሁሉ መጡ። ማንም ሳይመራቸው ገቡ። ዓይነ ስውሮቹ እጃቸውን ሳይዘረጉ ወንበራቸውን አገኙ፤ አንዷ ተነሥታ ለአክስቱ ሻይ ቀዳች። ብርጭቆው የት እንዳለ ሙጫ አያውቅም፤ እሷ ታውቃለች።

ጫማ ሰፊው ቀስ እያለ አጫወተው። እትዬ ሃሎ ቅዳሜ ቅዳሜ ይህን ክፍል ትምህርት ቤት ታደርገው ነበር። ከእንክብካቤ ማዕከል የወጡትን፣ ከዘመድ ጓዳ የተደበቁትን እየሰበሰበች ምድጃ መለኮስ፣ በር መቆለፍ፣ ካከራይ ጋር መከራከር፣ የማይሰማ ረዳትን በትሕትና ማሰናበት ታስተምራለች። ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ደረጃ የሌለው ቤት ፍለጋ ላከራዮች ስትደውል ትውላለች። በዚህ ዓይነት አሥራ ዘጠኝ ሰው ቤት አስይዛለች።

«በር ሳታንኳኳ ድምፅዋ ይገባ ነበር» አለ ጫማ ሰፊው። «የኔ አከራይ አሁንም ባለሥልጣን የደወለችለት ነው የሚመስለው።»

ክፍሉ ውስጥ ሳቅ አለፈ። ሙጫም ፈገግ ሊል ሞከረና አቃተው። ይህን ሁሉ አልነገረችውም። ወይም ልትነግረው ጀምራ እሱ፣ ተጠንቀቂ፣ ብሎ ይሆናል ያቋረጣት።

አክስቱ የሆስፒታሉን ነርስ ይዛ፣ ሰው አጠገቧ ቢኖር ኖሮ፣ ስትል የሰማው ያን ጊዜ ነው።

«እናቴ» አለች ነርሷ፣ «ከጭንቅላቷ የደም ሥሮች አንዱ ነው የፈነዳው። በሐኪሞች መካከል ቆማ ቢሆንም ያው ነበር። ሰው ቢኖር፣ ስትወድቅ ያያት ነበር፤ ሌላ የሚለወጥ ነገር የለም።»

አክስቱ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ሙጫ የያዘውን ብርጭቆ የት እንደሚያስቀምጥ ጠፋበት። አሥራ አንድ ዓመት ተደግፎት የቆመው ግድግዳ ከጀርባው ተንዶ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን የመሥሪያ ቤት አለቃው ቡናማ አቃፊ ይዞ መጣ። ከልቡ አዘነለት፤ ትንሽ ተቀመጠ፤ ከዚያ በዓይኑ ጠቅሶ ወደ ማድ ቤት ወሰደው። ሙጫ አራት ወር የደከመበት ጉዳይ ነበር። የአካል ጉዳተኞች ራስን ችሎ የመኖር አማካሪ ምክር ቤት ሊቋቋም ነው፤ የአሥራ አንዱ አባላት ዝርዝር ዛሬ አሥር ሰዓት ሚኒስትሩ ቢሮ መግባት አለበት፤ የቀረው የእሱ ፊርማ ብቻ ነው።

ሙጫ ዝርዝሩን አየው። የእጁ ሥራ ነው። ደንቡ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አባላት ራሳቸው ጉዳቱ ያለባቸው ይሁኑ ይላል፤ እሱም ስድስት አሟልቷል። ግን እንዴት ነው ያሟላው? አንደኛው በእርጅና ጆሮው የደከመ የእንክብካቤ ማዕከል ጡረተኛ ዳይሬክተር ነው። ሌላው ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ የተጎዳ የሌላ መምሪያ ኃላፊ። ዲግሪ ያላቸው፣ ጨዋ፣ ስብሰባ የለመዱ ሰዎች። በረቂቁ ላይ አራተኛ የነበረውን የእህቱን ስም የሰረዘው ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ምክንያት በሚለው ቦታ «ዝምድና» ብሎ ጽፏል። እውነተኛው ምክንያት ያ ፎጣ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ከወጣች ሌሎችንም እንደ ራሷ ብቻቸውን እንዲኖሩ ታደርጋለች፤ እነሱም ይወድቃሉ ብሎ ፈርቶ ነበር።

«አንድ ነገር ደግሞ አለ» አለ አለቃው። «እህትህ የላከችልኝን ደብዳቤ ፋይልህ ውስጥ ልጨምረው ስል፣ ለመታሰቢያ አንተ ዘንድ ይሁን አልኩ። ነግራሃለች ብዬ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት።»

በራሷ እጅ በታይፕ የተጻፈ ነበር። ቀኑ እሱ ስሟን ከሰረዘበት ዕለት በአሥር ቀን ይቀድማል።

«ለክቡር የመምሪያ ኃላፊ። ስሜ ከዕጩዎቹ መካከል እንዳለ ሰማሁ፤ አመሰግናለሁ። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ወንድሜ ስለሆነ ነገ በሱ ላይ ወሬ እንዳይወራ ራሴን አውጥቻለሁ። በእኔ ቦታ አንዲት ሹራብ ሠሪ እጠቁማለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማዕከል ውስጥ አድጋ አሁን በራሷ ቁልፍ የምትገባ ልጅ ናት። ዲግሪ የላትም። የምታውቀውን ግን ዲግሪ ያለው አያውቀውም። ወንድሜን አይቆጡብኝ። ደግ ሰው ነው፤ ይፈራል እንጂ። የፈራ ሰው ደግሞ የማያስፈሩትን ሰዎች ነው የሚመርጠው።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። እሱ የሰረዘው፣ ለእሱ ክብር ስትል ራሷ ቀድማ ያወጣችውን ስሟን ነው።

«የሰረዝኳት እኔ ነኝ» አለ። «ራሷን ማውጣቷን አላውቅም ነበር።»

አለቃው አቃፊውን ወደ እሱ አስጠጋ። «አሁን ሐዘን ላይ ነህ» አለው ቀስ ብሎ። «ፈርምና እናሳልፈው። ምክር ቤቱ ሲቋቋም ይስተካከላል።»

ሙጫ ዝርዝሩን እንደያዘ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ሹራብ ሠሪዋ የትኛዋ እንደሆነች ጫማ ሰፊውን ጠየቀ። ሹራብ ሠሪዋ ሁለቱንም ቀን ከበሩ አጠገብ፣ ዊልቸሯ ላይ እንደተቀመጠች ቃል ሳትተነፍስ ነው የዋለችው። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። አጠገቧ በርከክ ብሎ ጉዳዩን አስረዳት።

«ለምን አሁን?» አለችው። «ስለሞተች ነው?»

«አዎ» አለ። «ባትሞት ኖሮ አልጠይቅሽም ነበር። ስምሽንም አላውቀውም ነበር።»

አክስቱ ልትጠጣ ያነሣችውን ብርጭቆ መልሳ አስቀመጠች።

«እሺ፣ ቢያንስ አልዋሸህም» አለች ልጅቱ። «ስብሰባው የት ነው የሚደረገው?»

ሙጫ ወደ አለቃው ዞረ። አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሦስተኛ ፎቅ አዳራሽ» አለ።

«አሳንሰር አለው?»

«አለው። አይሠራም።»

አለቃው መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ ጫማ ሰፊውን፣ ከዚያ በክፍሉ ዙሪያ የተቀመጡትን አየ፤ አሁን ገና ያያቸው ይመስል ነበር። ከዚያ ብዕሩን ከኪሱ አውጥቶ ለሙጫ ሰጠው። «ጻፍ» አለ። «አዳራሹን ለኔ ተወው።»

ሙጫ ጡረተኛውን ዳይሬክተርና ባለ ጉልበቱን ኃላፊ ሰረዘ። በነሱ ቦታ አስፈቅዶ ሹራብ ሠሪዋንና ጫማ ሰፊውን ጻፈ፤ ብቃት በሚለው ዓምድ ምን እንደሚል ግራ ገብቶት ጥቂት ካሰበ በኋላ ለሁለቱም «በራሳቸው ቤት ይኖራሉ» ብሎ ጽፎ ፈረመ። ዝርዝሩ ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጥቷል፤ ዳይሬክተሩም አቤት ብለው ሙጫን ከቦታው ሊያስነሡት ጥቂት ነበር የቀራቸው። ከሦስት ወር በኋላ ግን ሁለቱም ስሞች ጸድቀው ምክር ቤቱ ምድር ቤት በሚገኝ መጋዘን ውስጥ የመጀመሪያውን ስብሰባ አደረገ። ያ ግን ገና ነው።

የዚያን ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ለቀስተኛው እየተሰናበተ ወጣ። በመጨረሻ የተነሣችው ሹራብ ሠሪዋ ነበረች። ሙጫ ሊሸኛት አብሯት ወጣ። መንገዱ ትንሽ ዳገት አለው፤ ድንጋዩም አልተስተካከለም። ልጅቱ ጎማዎቹን በሁለት እጇ ገፋች፤ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ዊልቸሩ ዘንበል አለ። እጆቹ ሳያስበው ሄደው ከኋላዋ መግፊያውን ያዙ።

ልጅቱ አልዞረችም። ጎማዋን ብቻ ያዝ አድርጋ ቆመች፤ እስኪለቅ ጠበቀች።

ለቀቀ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንዱን በሌላው ጥብቅ አድርጎ ይዞ ከጎኗ ሆነ። እሷ ወደ ኋላ አለች፤ እንደገና ገፋች፤ ጎማው ከጉድጓዱ ወጣ። ዳገቱን በእሷ እርምጃ ልክ ይወጡ ጀመር። እንባው ያን ጊዜ መጣ፤ ጉንጩን አልፎ አገጩ ላይ ደርሶ ይንጠባጠብ ነበር። እሱ ግን ሊጠርገው እጁን አልፈታም።