አንድ ብርጭቆ ነጭ ስኳር

ተስፋነሽ ከወላይታ ሶዶ ወደ ሰበታ የመጣችው በነርስነት ለመሥራት ነው። ቀን በአንድ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ክሊኒክ ትውላለች፤ የምታድረው ኦቦ ቢቂላ ግቢ፣ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ነው። ፋብሪካው የቆመው ኦቦ ቢቂላ ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ ነው። እሳቸው ግን ይህን አንስተው እሷን ወቅሰዋት አያውቁም። የሚከራከሩት ስለ ማር ነበር።

ኦቦ ቢቂላ የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ባለቤታቸው አዴ ሸዋነሽ ነጭ ስኳርን ከቤት ካባረሩ ሁለት ዓመት አልፏል። በምትኩ ወንድማቸው ከጫንጮ የሚልኩት ማር ሻይ ውስጥ ሁለት ሁለት ማንኪያ ይጨመራል። የደማቸው ስኳር ልኬት ሦስት መቶ ባለፈ ቁጥር ተስፋነሽ ትቆጣለች።

«ማርም ያው ነው፣ ኦቦ ቢቂላ። ደምዎ ውስጥ ሲገባ ስኳር ነው።»

«ንብ አበባ ቀስማ የሠራችውን ከፋብሪካ ዱቄት ጋር እኩል ታደርጊያለሽ?» ይሉና ይስቃሉ። «ትምህርትሽ እዚህ ላይ አነሰ።»

በ2009 መስከረም መጨረሻ ሁከቱ ሰበታ ደረሰ። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ቀርቷል ቢባልም የመሬቱ ቁጣ አልበረደም ነበር። አውራ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፤ ታክሲ ጠፋ፤ ሱቆች ተቆለፉ። ከጫንጮ የሚመጣው ማርም ቀረ። በፋብሪካዎቹ በኩል ጥቁር ጭስ ሲነሳ ተስፋነሽ በሯን ከውስጥ ዘግታ ተቀመጠች። ኦሮምኛ በደንብ አትችልም፤ የፋብሪካ ሠራተኛ መሆኗን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አዴ ሸዋነሽ በሩን ደበደቡ።

«ድረሽልኝ! ስኳሩ ጨምሮበታል!»

ሮጣ ስትገባ ኦቦ ቢቂላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ይንቀጠቀጣሉ። ሸሚዛቸው በላብ ርሷል። ትክ ብለው አይተዋት፣ «ማን ነሽ አንቺ? ውጪልኝ!» አሉ። አንደበታቸው ተሳስሯል።

አዴ ሸዋነሽ መድኃኒት የተሞላ መርፌ ይዘዋል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ኢንሱሊኑ ነዋ! ልጨምርለት ነው።»

«ጠዋት አልተወጉም?»

«ተወግቷል።»

«ቁርስስ በልተዋል?»

«አልበላም።» የሰፈሩ ሽማግሌዎች መንገድ የዘጉትን ልጆች እናረጋጋ ብለው በማለዳ ስለጠሯቸው፣ ኦቦ ቢቂላ ተወግተው ምንም ሳይቀምሱ ነበር የወጡት።

ተስፋነሽ መርፌውን ነጠቀች። «አልጨመረም፤ ወርዷል! ይህን ቢወጓቸው ይሞቱብናል። አሁኑኑ የሚጣፍጥ ነገር ይምጣ!»

በቤቱ ማርም ስኳርም የለም። የደም ስኳር መለኪያው ወረቀት ካለቀ ሳምንት ሆኖታል፤ ተሳስታ ቢሆንስ? ላባቸውን እንደገና አየችና ወደ ውጭ ሮጠች።

መታጠፊያው ላይ ጎማ ይነዳል። ዱላ የያዙ ወጣቶች ከበቧት።

«ኤሳ ዴምታ?» አላት አንዱ፣ ወዴት ነው የምትሄጂው ሲል። ሌላው፣ «የፋብሪካዋ ናት» አለ።

ተስፋነሽ ቆመች። «ኦቦ ቢቂላ... ታመዋል። ሊሞቱ ነው። ስኳር ፍለጋ ነው የወጣሁት።»

«ለስኳር በሽተኛ ስኳር? ልትገድያቸው ነው?»

«መርፌ ተወግተው አልበሉም!» ብላ ጮኸች፤ ድምፅዋ ራሷንም አስደነገጣት። «እኔን በኋላ ታገኙኛላችሁ፤ የትም አልሄድም። እሳቸው ግን ጊዜ የላቸውም!»

ኡርጂ የምትባል ወጣት ከመሃል ወጣች። «ጠዋት ሲያናግሩን እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አይቻለሁ» አለች። ከዚያ የተስፋነሽን ክንድ ይዛ በጭሱ መሃል አሳለፈቻት። የባለሱቁን የከማልን የጓሮ በር አብረው ደበደቡ። ከማል ነገሩን ሲሰማ ለቤቱ ካስቀመጠው ነጭ ስኳር አንድ ብርጭቆ ሞልቶ ሰጣት።

አዴ ሸዋነሽ ብርጭቆውን ሲያዩ አልጋው ፊት ቆመው ክንዷን ያዙ። «ነጩን? ለዚህ ያበቃው እሱ አይደል? ማር ቢሆን እሺ!»

«ማር ቢኖር ማር እሰጣቸው ነበር። ለደማቸው አንድ ናቸው ብዬ የለ? ዛሬም አንድ ናቸው። ይልቀቁኝ፣ አዴ!»

እያለቀሱ ለቀቋት። ኦቦ ቢቂላ ገና መዋጥ ይችሉ ነበር። ስኳሩን በውሃ በጥብጣ ትንሽ በትንሽ አጠጣቻቸው። ከዚያ መጠበቅ ብቻ ቀረ። ከውጭ ተኩስ ተሰማ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሩብ ሰዓት ያህል ሲያልፍ መንቀጥቀጡ ቆመ፤ ዓይናቸው ጠራ።

«ተስፋነሽ» አሉ በደከመ ድምፅ፣ «ምን ሆኜ ነው?»

እሷ መልስ ከመስጠቷ በፊት አዴ ሸዋነሽ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። «በእጄ ልገድልህ ነበር» አሉ።

«ጥፋቱ የእኔም ነው» አለች ተስፋነሽ። «ሲጨምር እንጂ ሲወርድ ምን እንደሚደረግ አስተምሬዎት አላውቅም።» ከጓዳ ዳቦ አስመጥታ አበላቻቸው፤ እስኪመሽም ከአጠገባቸው አልተነሳችም።

መንገዱ የተከፈተው ከአራት ቀን በኋላ ነው። ሦስቱም በእግራቸው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን አስተካከለና፣ «ማርም ቢሆን በየቀኑ አይሆንም» ሲላቸው ኦቦ ቢቂላ አልሳቁም፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተስፋነሽ የምትሠራበት ፋብሪካ ግን በሁከቱ እንደተዘጋ ሥራ አልጀመረም፤ በጥቅምት አጋማሽ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ሶዶ ተመለሰች። አዴ ሸዋነሽ እስከ መናኸሪያ ሸኟት፤ አውቶቡሱ እስኪነሳም እጇን አልለቀቁም።