የፍልሰታው ሥጋ

ረሂማ የወልድያው ጨርቅ ነጋዴ የአብዱልሐሊም ልጅ ናት። በ1975 ክረምት አሥር ዓመቷ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ መርሳ ላይ በተከፈተው የአቅኚ ልጆች ካምፕ እንድትገባ ስሟን የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ከቤቷ ውጭ አድራ ስለማታውቅ አባቷ አልወደደውም። ቢሆንም ፍራሿን ተሸክሞ አውቶቡስ ድረስ ሸኛትና «አደራ መምህርት፣ ከዓይንሽ እንዳትርቅ» አለኝ።

ካምፕ ሲሉት ባዶ ትምህርት ቤት ነው። ስድሳ ልጅ በሦስት ክፍል ወለል ላይ ይተኛል። ዝናቡና የመርሳ ሙቀት ተባብረው ብርድ ልብሱን ሁሉ አሻግተውታል። ሽንት ቤቱ በሁለተኛው ሳምንት ሞልቶ በበሩ ሥር መፍሰስ ሲጀምር ልጆቹ ከኋላ ወዳለው ማሽላ ውስጥ መሄድ ለመዱ። የካምፑ ኃላፊ ጓድ ማሩ በየጠዋቱ ቀይ ስካርፋቸው በደንብ መታሰሩን ያያል እንጂ እጃቸው ስለመታጠቡ ጠይቆ አያውቅም። እኔም ያስጨንቀኝ የነበረው መዝሙራቸው ነው።

ነሐሴ ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከደሴ እንግዶች ይመጣሉ ተባለና ገበሬ ማኅበሩ በሬ ሰጠ። ፍልሰታ ነው። ማሩ ይህን አጥቶት አይደለም። ክርስቲያኑም እስላሙም ልጅ ጾሙንና ሐራሙን ትቶ ከአንድ ትሪ ሲበላ እንግዶቹ እንዲያዩለት ፈልጎ ነው። በሬው ታረደ፤ እንግዶቹ ግን ማክሰኞም ረቡዕም አልመጡም። ሥጋው መጋዘኑ ውስጥ ማገሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሁለት ቀን ዋለ አደረ።

ሐሙስ ጠዋት ገብቼ አየሁት። ጠርዙ አረንጓዴ ሆኗል። ስነካው ጣቴ ላይ እንደ ንፍጥ ተሳበ። ዝንቡ በአንዴ ሲነሳ አፌን አፍኜ ወጣሁ። ወጥ የምትሠራው አማከለች በርበሬ እንድታበዛበት መታዘዟን ነገረችኝ። ማሩ ጋ ሄጄ ሥጋው ሸቷል ስለው፣ ሥጋ መች ሽታ አጥቶ ያውቃል ብሎ ሳቀ።

እንግዶቹ ስድስት ሰዓት ላይ በላንድሮቨር ደረሱ። ልጆቹ በየትሪው ዙሪያ ተቀመጡ፤ ጾመኞቹም ግራ ቀኝ ተያይተው አቀርቅረው መጉረስ ጀመሩ። ረሂማ ብቻ እጆቿን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ቀረች። ማሩ ከእንግዶቹ መሐል ሆኖ በዓይኑ ጠቀሰኝ። አጠገቧ ጎንበስ ስል፣ አባቷ የክርስቲያን ሥጋ እንዳትነካ እንዳስጠነቀቃት በጆሮዬ ነገረችኝ።

«ለዛሬ ብቻ ነው» አልኳት። «ለኔ ስትዪ።»

ትወደኝ ስለነበር በላች። ዓይኗን ጨፍና፣ ሳታላምጥ ትውጣለች። እኔ አልቀመስኩም። ጾም ይዣለሁ፤ ለማሩ ግን ጨጓራዬን አሞኛል ብዬው ነበር።

ገና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሰባት ልጆች ማስመለስ ጀመሩ። እንግዶቹ መርሳ ሊያድሩ ነውና ማሩ የታመሙት ከዓይን ዞር ይበሉ ብሎ ሥጋው ተሰቅሎበት የነበረው መጋዘን ውስጥ አስገባቸው። በማግስቱ ስድስቱ ተሻላቸው። ረሂማ ግን ባዶ ጆንያ ላይ ተኝታ፣ ከላይም ከታችም ያጣድፋታል፤ የሚወጣትም ደም ቀላቅሏል። ዝንቦቹ ከማገሩ ወርደው ከንፈሯን ወረውታል። እፍ ብዬ ላባርራቸው ብሞክር እንኳ የሚነሱ አልሆኑም። ማሩ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ያቅለሸለሻት ሃይማኖቷ ነው፣ ይለቃታል አለኝ።

አንስቼ አዘልኳት። እርጥቡ በቀሚሴ አልፎ ጀርባዬ ላይ ሲፈስ ተሰማኝ፤ የማሩን መሐረብ ያህል ግን አላስጸየፈኝም። እንግዶቹ ሳይሄዱ ከግቢ ከወጣሁ የቅጣት ደብዳቤ እንደሚጻፍብኝ እየነገረኝ እስከ በሩ ተከተለኝ። ሳልቆም ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ።

ጤና ጣቢያው ጉሉኮስ ስለጨረሰ ወልድያ ውሰጃት ተባልኩ። እህል የጫነ መኪና አስቆምኩ። ሾፌሩ ሙሄዲን ሽታው ሲመጣበት ፊቱን አላዞረም። ሽርጡን አውጥቶ ጠቀለላትና ከጎኑ ጋቢና ውስጥ አስገባን። ጥቂት እንደሄድን ረሂማ ዓይኗን ገለጠች።

«ቲቸር፣ እርስዎ ለምን አልበሉም?»

የምዋሸው ቸገረኝ። «ጾም ይዤ» አልኳት።

ጭንቅላቷን ከደረቴ አንስታ መስኮቱ ላይ አስደገፈች፤ ወልድያ እስክንገባም አልመለሰችውም።

ሆስፒታል ጉሉኮስ ተተከለላት። አባቷ ሱቁን ሳይዘጋ ሮጦ መጣ። ኮሪደሩ ላይ ቆመን ምንም ሳላስቀር ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

«መሽተቱን ታውቂ ነበር?» አለኝ።

«አውቅ ነበር፣ ጋሽ አብዱልሐሊም።»

ቀጥሎ የተናገረው በቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«በጀርባሽ አዝለሽ አምጥተሽልኛል፤ አላህ ይስጥሽ። ከእንግዲህ ግን ልጄ አጠገብ እንዳትደርሺ።»

ረሂማ በሦስተኛው ቀን አጥሚት ያዘላት፤ በሳምንቷም ቤቷ ገባች። ማሩ ልጅቱ ከቤቷ ታማ ነው የመጣች የሚል ወረቀት ይዞ መጥቶ ፈርሚ አለኝ። አልፈረምኩም። መስከረም ላይ ከውርጌሳ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግር ወደሚያስኬድ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። እሱ ደሴ በእድገት ሄደ። እሱን መጸየፍ አላስቸገረኝም፤ ስሙ ሲነሳ ዛሬም ምራቄ አፌ ውስጥ ይሞላል። «ለኔ ስትዪ» ያለችው ሴትዮ ግን የትም አልተዛወረችልኝም።

ጥቅምት ውስጥ ደመወዝ ልቀበል ወልድያ ስገባ ከአባቷ ሱቅ ፊት ለፊት አየኋት። ከስታለች፤ ግን ከጓደኞቿ ጋር ገመድ እየዘለለች ነበር። ሳታየኝ በሌላኛው መንገድ ዞሬ ሄድኩ።