የምሳ ሰዓት ልኬት

ክሊኒኩ ውስጥ አልትራሳውንድ የምታነሳዋን ሴትዮ ሁሉም «ዓይናማ» ነው የሚላት። የሕፃን ጣት ከዚያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ለቅማ ትቆጥራለች፤ መንታ ከሆነ ገና ባቄላ ሳያክሉ ታውቃለች። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ሆድ ስታይ ኖራ በአሥራ ሁለተኛው የራሷ ገፋ አለ።

እርግዝናዋ እንከን አይወጣለትም። ደሟ ደህና፣ ሽንቷ ደህና፣ ግፊቷ ደህና። ዶክተሯም «ሁለቴ አይተንሻል፤ ወደ መጨረሻው አንዴ እናይሻለን፣ ይበቃሻል» ብላታለች። ይህቺ ዶክተር አንዱን ባል ሁለቴ የፈታች ናት አሉ፤ በሥራዋ ግን ሐሜት የለባትም።

ይበቃሻል የሚባለው ግን ለሌላው ሰው ነው። ማሽኑ በእጇ፣ ሕፃኑ በሆዷ፣ በሩ ደግሞ ከውስጥ ይቆለፋል። ምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ሲበተን ዓይናማ መጋረጃውን ትስብና ያንን ቀዝቃዛ ጄል ሆዷ ላይ ትቀባለች። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ነበር። ከዚያ በሁለት ቀን። ከዚያማ በየቀኑ ሆነ።

ሕፃኑ ሁልጊዜ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚጠብቃት፤ አከርካሪው እንደ ዶቃ ተደርድሮ። መሳሪያውን ከቀኝ ጎኗ ወደ ግራ ትነዳለች፣ ጭንቅላቱ ላይ ስትደርስ ትቆማለች፣ ለሴቶቹ እንደምትላቸው ትንፋሿን ትይዛለች። ከዚያ የጭንቅላቱን ዳርና ዳር ጠቅ፣ ጠቅ። ማሽኑ ከስፋቱ ተነስቶ ዕድሜውን ይጽፍላታል።

ሰኞ ሃያ አራት ሳምንት ከሦስት ቀን አለ። ማክሰኞ ሃያ አራት ከአንድ ቀን። ረቡዕ ሃያ ሦስት ከስድስት ቀን።

 ልጁ ወደ ኋላ እየሄደ ነው። በመጣበት መንገድ፣ ቀስ እያለ፣ ፊቱን እንኳ ሳያሳያት። በዙሪያው ያለው ጥቁር ነገርም ከትናንቱ የሰፋ መሰላት።

ቤት ስትገባ ግድግዳ ቀቢው ባሏ ለልጁ ጓዳ የቀለም ናሙና ዘርግቶ ጠበቃት።

«ቢጫውን ነው አረንጓዴውን?»

«አትቀባ።»

«እንዴት ማለት?»

«ቆይ አልኩህ፣ አትቀባ።»

ሐሙስ እንደገና ተኛች። ጠቅ፣ ጠቅ። ሃያ ሦስት ከአራት ቀን። ሕፃኑ አንድ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቷል፤ መዳፉ ተከፍቷል፣ በቃ አትከተዪኝ እንደሚል ሰው።

በሩ ተከፈተ። የጽዳቷ አሮጊት ናቸው፤ የክሊኒኩ ቁልፍ ሁሉ ወገባቸው ላይ ስለሚንጠለጠል እማማ ቁልፍ ይባላሉ።

«ዛሬም?» አሉ።

«ዛሬም።»

«እኔንም በየቀኑ ልብሴን ገልጦ የሚያየኝ ቢኖር ጀርባዬን ነበር የምሰጠው። ድሮ ቢሆን ግን አልሰጥም ነበር።»

ዓይናማ አልሳቀችም። «እማማ፣ ልጄ እያነሰ ነው።»

አሮጊቷ ሳቃቸውን ዋጡ። ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ ሄደው ዶክተሯን ይዘው መጡ።

«መርፌው ይደረግልኝ» አለቻት ዓይናማ እንደተኛች። «ነገውኑ።»

መርፌው በሆድ ገብቶ ሕፃኑ ከሚዋኝበት ውሃ ላይ ለምርመራ ጥቂት ይቀዳል። አልፎ አልፎ ጤነኛውም ልጅ አብሮ ይሄዳል። ዓይናማ ይህን የሰማችው ከሰው አይደለም፤ አንዴ ክፍሉ ውስጥ ቆማ አይታለች።

ዶክተሯ ከኪሷ ፕላስተር አውጥታ ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ የሚጻፍበትን ጥግ ሸፈነችው።

«ለኪ።»

ለካች።

«ድገሚ።»

ደገመች።

«አሁንም።»

ሦስቴ ከለካች በኋላ ፕላስተሩ ተነሳ። ሃያ አራት ከአራት ቀን። ሃያ ሦስት ከስድስት ቀን። ሃያ አምስት ሳምንት።

«ልጅሽ በአንድ ደቂቃ ሄዶ ተመለሰ?» አለች ዶክተሯ። «እጅሽ ነው። የማንም እጅ እንዲህ ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ለልኬት አትምጪ እያልሽ ሴቱን ሁሉ የምትመልሺው አንቺ አይደለሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«መርፌውን ከፈለግሽ መብትሽ ነው፣ እጽፍልሻለሁ። እኔ ብሆን ግን አላስነካውም። የሚያስፈልግበት ምንም ነገር አላየሁም።»

ዓይናማ ያንን የተከፈተ መዳፍ አየችው፣ አየችው። ከዚያ ማሽኑን አጥፍታ ጄሉን ጠረገች፤ የክፍሉን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ለአሮጊቷ ሰጠቻቸው።

«መርፌው ይቅር። ምሳ ሰዓት ላይ እርስዎ ይቆልፉት፣ እማማ። ብለምንዎትም እንዳይከፍቱልኝ።»

«ብታለቅሺም አልከፍት።»

አርብ በምሳ ሰዓት ዓይናማና እማማ ቁልፍ ግቢው ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ዓይናማ እጇን የምታደርግበት ጠፍቷት የዳቦ ፍርፋሪ ታንከባልላለች። በቀኝ ጎኗ በኩል የሆነ ነገር ከውስጥ ተጫናት። ክብ ነው፣ ልክ መሳሪያውን ያክላል። ቀስ ብሎ ወደ ግራ መንሸራተት ጀመረ። እሷ ስትነዳው በነበረበት መስመር መጥቶ፣ እሷ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆመ።

ጠቅ፣ ጠቅ።

ፍርፋሪው ከእጇ ወደቀ።

«ምን ሆንሽ?» አሉ እማማ ቁልፍ።

«ዝም ይበሉ» አለች በሹክሹክታ። «እየለካኝ ነው።»

አሮጊቷ ሆዷን አዩ፣ ፊቷን አዩ። ቁልፋቸው እንዳይንቃጨል በመዳፋቸው ያዙት።

ቅዳሜ ባሏ ጓዳውን ቢጫ ሲቀባ እሷ አልጋው ላይ ጋደም ብላ ሰዓቱን ታያለች። በዚያው በምሳ ሰዓት፣ ከቀኝ ጎኗ፣ መጣ። ትንፋሿን ያዘችለት።