ጣሂራ በእናቷ ቶብ

ጣሂራ ዐወድ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሁለተኛ ዓመቷን ስትጀምር አንድ ነገር ቆርጣ ነበር፤ የግቢው ሴቶች ሁሉ የሚመኙትን «እህትማማች» የተባለውን ማኅበር መቀላቀል። አባል የሆነች ልጅ ታላቅ እህት ትመደብላታለች። ትምህርቱ ሲከብዳት ታስጠናታለች፣ ስትታመም ታስታምማታለች፣ ስትመረቅም ሥራ ታፈላልግላታለች። ጣሂራ አንደኛ ዓመት ላይ አብራት የነበረች የዶርም ልጅ ውጤት አልመጣላት ብሎ ሻንጣዋን ጎትታ ከግቢ ስትወጣ አይታለች። «የሚያስጠናት ሰው ቢኖር ኖሮ አትሄድም ነበር» እያለች ስትብሰለሰል ከረመች።

ማኅበሩ ግን በነፃ አይገባም። መመዝገቢያ አለው፣ ወርኃዊ መዋጮ አለው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የቀሚሱ ነገር ነበር። አዲስ አባላት ቃል በሚገቡበት ዕለት ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ባለ ጥልፍ ቀሚስ መልበስ አለባቸው። ጨርቁ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው።

የጣሂራ እናት ማሪያም በመንጌ በኩል ወንዝ ዳር ወርቅ የምታጥብ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጎንበስ ብላ አሸዋ ስታንገዋልል ትውላለች። አንዳንድ ቀን ገበቴዋ ውስጥ ቢጫ ነገር ብልጭ ይልላታል፤ አብዛኛውን ቀን ግን ባዶ እጇን ነው የምትመለሰው። ከዚያ ላይ ለቀሚስ አምጪ ማለት ለጣሂራ የማይታሰብ ነበር።

አንድ ተስፋ ነበራት። ማኅበሩ በየዓመቱ አንዲት ጎበዝ ተማሪ አወዳድሮ ያለ ክፍያ ይቀበላል። ማመልከቷን ለእናቷ በስልክ ነገረቻት። ሁለቱ የሚነጋገሩት በበርታ ቋንቋ ነው።

«ሰደቃ ነው እንዴ? ለድሃ የሚሰጥ?» አለች ማሪያም።

«አይደለም እናቴ። ተወዳድሬ የማገኘው ነው።»

«እንግዲያው ተወዳደሪ። ብትሸነፊም አንገትሽን አትድፊ።»

የማኅበሩ ሰብሳቢ ፌቨን ትባላለች። የባምባሲ ልጅ ናት፤ ፋርማሲ የምታጠና፣ ቀጥ ያለች፣ ቀልድ የማትወድ ሴት። ጣሂራ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርብ ፌቨን ውጤቷን አገላብጣ አየችና ቀና አለች።

«ማኅበሩ ለአንቺ ምን እንደሚያደርግልሽ እናውቃለን። አንቺስ ለማኅበሩ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ማድረጉን ጀምሬያለሁ» አለች ጣሂራ። ድምጿ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። «ከእራት በኋላ የዶርማችንን ልጆች ሒሳብ አስጠናለሁ። ከጎረቤት ዶርምም ይመጣሉ። አልጋ ላይ ተደራርበን ነው የምንቀመጠው። ባትቀበሉኝም ማስጠናቴን አልተውም። ብትቀበሉኝ ግን ሰሌዳ ያለው ክፍል ትሰጡኛላችሁ ብዬ ነው።»

ከፌቨን አጠገብ የተቀመጡት ጠያቂዎች ሳቁ። ፌቨን ስትስቅ ያያት ሰው ጥቂት ነው፤ ያን ቀን ግን ጥርሷ ታየ።

በሳምንቱ የጣሂራ ስም ተለጠፈ። ደስታዋ ግን ማስታወቂያውን አንብባ እስክትጨርስ ድረስ ብቻ ነበር። ነፃ ዕድሉ መመዝገቢያውንና መዋጮውን ይሸፍናል፤ ቀሚሱን ግን እያንዳንዷ አባል በራሷ ታሰፋለች ይላል። ሮጣ ፌቨን ጋ ሄደች።

«ማሰፊያ የሌላትስ?»

«ትበደራለቻ» አለች ፌቨን። «እኔም ተበድሬ ነው የለበስኩት። ደንቡ ነው፣ ጣሂራ። እኔ አላወጣሁትም።»

ጣሂራ ዶርሟ ገብታ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። ከላይ ያለው አልጋ የሔለን ነው። እሷም በዚሁ ዓመት ማኅበሩን ልትቀላቀል ተመዝግባለች፤ በከፋይነት። አዲሱ ቀሚሷ በላስቲክ ተሸፍኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«ስልክሽን ለምንድን ነው ሰሞኑን የማላይብሽ?» ብላ ጠየቀቻት ጣሂራ።

ሔለን ወደ ቀሚሱ በአገጯ አመለከተች። «ያውልሽ፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።»

ጣሂራ ያን ማታ ለእናቷ ደወለች። ስለ ቀሚሱ ሁሉንም ነገረቻት። ማሪያም ወዲያው «የጎረቤቶቼን እጅ አይቼ እልክልሻለሁ» ስትል ጣሂራ አቋረጠቻት።

«አትበደሪ። ቶብሽን ይዘሽልኝ ነይ። የሠርግሽን።»

ቶብ የበርታ ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጣፉት ረጅም ልብስ ነው። የማሪያም የሠርግ ቶብ እንደ ብርቱካን የደመቀ ሆኖ ጠርዙ ወርቃማ ነው፤ ከሣጥን የሚወጣው ለዒድ ብቻ ነው።

ቃል በሚገባበት በዓል ቀን ማሪያም በጠዋት ደረሰች። ልጇን ዶርም ውስጥ አቁማ ቶቡን በወገቧ አዙራ፣ በትከሻዋ ጥላ፣ በራሷ ላይ አሳርፋ አለበሰቻትና ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ አየቻት።  ዓይኗ እንባ አቀረረ።

አዳራሹ በር ላይ ፌቨን ቆማ ነበር። ከጀርባዋ አዲሶቹ አባላት ነጭ በነጭ ሆነው ተሰልፈዋል።

«ጣሂራ» አለች ፌቨን ዝቅ ባለ ድምፅ። «እባክሽ አታስቸግሪኝ። እንግዶች ተቀምጠዋል። ከፈለግሽ ከኋላ ቁጭ በይ፤ ቃሉን ሌላ ቀን ትገቢያለሽ።»

«ሌላ ቀን አልገባም» አለች ጣሂራ። ከበሩም ፈቀቅ አላለችም። «ደንባችሁ ሴት ልጅ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ እንቆማለን ይላል። አንብቤዋለሁ። ስለ ጥልፍ የሚያወራው ከዚያ በታች ነው። ካልሆነ ስሜን ሰርዙት፤ እኔ ግን ከኋላ አልቀመጥም።»

ማሪያም የሚባለው ገብቷታል። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ቢሆንም ወደፊት ራመድ አለች።

«የኔ ልጅ ተወዳድሮ ነው የገባው» አለች። «ልመና አልመጣም። ይሄ ቶብ የኔ ሠርግ ነው። ወላሂ፣ ከዚህ በላይ የከበረ ልብስ የኔ ቤት የለም።»

ፌቨን ወደ እንግዶቹ ዞር ብላ አየች። ከሰልፉ መሐል ሔለን ወጣች።

«እኔ ይህን ቀሚስ ለመልበስ ስልኬን ሸጫለሁ» አለች። «ቤተሰቦቼ ለምን አትደውይም እያሉ በሰው ስልክ ይጠይቁኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት ፌቨን።

«ማን ጠየቀኝ?»

ሰልፉ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ። አንዷ ከአክስቷ መበደሯን፣ ሌላዋ የመጽሐፍ ብሯን ለቀሚሱ ማዋሏን ተናገረች። ፌቨን ተራ በተራ አየቻቸው። ፊቷ ቀላ። የራሷን ብድር ለመክፈል ክረምቱን ሙሉ ሰው ሱቅ ውስጥ መቆሟን ማንም አያውቅም ነበር። ወደ ማሪያም ዞራ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።

«ይግቡ እናቴ። ከፊት ይቀመጡ።»

ከዚያ የጣሂራን እጅ ይዛ እስከ መድረኩ ወሰደቻት። ድምፅ ማጉያውን ተቀብላም «የዘንድሮውን ቃል የምታስጀምረን በውድድር ያሸነፈችው እህታችን ጣሂራ ዐወድ ናት» አለች። ጣሂራ በዚያ ሁሉ ነጭ መሐል እንደ ብርቱካን ደምቃ ቆመች። ቃሉን ስትናገር ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ማሪያም ከፊት ወንበር አገጯን ቀና አድርጋ፣ ልክ ራሷ የምትምል ይመስል ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ከበዓሉ በኋላ በተጠራው ጠቅላላ ጉባኤ ብዙ ተጮኸ። «መልካችን ይበላሻል» ያሉ ነበሩ። «እኛ ተቸግረን የለበስነውን እነሱ ለምን በነፃ ይለፉ?» ያለችም ነበረች። ፌቨን አስጨርሳቸውና «እኔ ስለተቸገርኩ ሌላዋ ትቸገር አልልም» አለች። ድምፅ ተሰጠ። ቀሚሱ ቀረ፤ ከእንግዲህ እያንዳንዷ ከቤቷ ያላትን ትለብሳለች። የቀድሞ አባላትም ለበዓሉ ማድመቂያ ይልኩት የነበረው ብር ለሁለተኛ ነፃ ዕድል እንዲውል ተስማሙ።

ጣሂራ ሰሌዳ ያለው ክፍሏን አገኘች። ወንበር ስለማይበቃ የሚቆሙ አሉ። በዓመቱ መጨረሻ ማኅበሩ የጥናት ክፍሉን ኃላፊነት ሲሰጣት መጀመሪያ የደወለችው ለእናቷ ነበር።

ማሪያም ወንዝ ውስጥ ነበረች። የሰማችውን ለማመን ሁለቴ አስደገመቻትና ስልኩን ሳትዘጋ ወዲያ ማዶ ላሉት ሴቶች በበርታ ጮኻ አወራች፤ የልጇን ስም፣ የክፍሉን ነገር፣ ኃላፊነቱን። ጣሂራ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች የውኃውን ድምፅ ሰማች፤ ቀጥሎም ከማዶ የሴቶቹ እልልታ ተከተለ።